ማስኩን ያጠቡት የዱመርሶ ሴቶች

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

«ጨርቅ ነው የሸጥሽልኝ!» አለችኝ፣ ያውም ሱቁ ሰው ሞልቶት። እኔን! እዚህ ዲላ ውስጥ ፊት ላይ የሚለጠፈውን የኮሪያ ማስክ ከኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

እሺ። ልረጋጋና ከመጀመሪያው ልጻፈው።

የተናገረችኝ እትዬ ታደለች ናት። ዱመርሶ ቡና ማጠቢያው ውስጥ የሴቶቹ አለቃ ናት፤ ማድረቂያው የሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና የሚለቅሙት ሴቶች በሙሉ በሷ ቃል ነው የሚነሱት የሚቀመጡት። ልጇ ምሕረት የፊታችን እሑድ ታገባለች። የዛሬ ሁለት ሳምንት እናትና ልጅ ተያይዘው ሱቃችን መጡ። ሱቁ የባባ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነው፤ በስተግራ ያለው መደርደሪያ ብቻ የኔ ነው፣ የውበት ዕቃ። ምሕረትን በሩ ላይ በቀን ብርሃን አስቀምጬ ፊቷን አገላብጬ አየሁት። ጤነኛ ፊት ነው፣ ማሻአላህ። ከእናቷ ጋር ቡና ስትለቅም ስለምትውል ፀሐይና ንፋስ አድርቆታል። ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ትንሽ ይቀረፋል፣ ጉንጯ ቶሎ ይቆጣል። በቃ። ስድስት ማስክ መረጥኩላት፤ አራቱ ለድርቀት፣ ሁለቱ ለሚቆጣ ቆዳ። በሁለት ቀን አንድ፣ ሃያ ደቂቃ። እንዴት እንደሚደረግ ነገርኳት። ማለቴ፣ የነገርኳት ይመስለኛል። የዚያን ቀን ሱቁ ገበያ ነበረው።

ዛሬ እትዬ ታደለች ብቻዋን መጣች። «ስድስቱንም አድርጋለች። ልጄ ፊቱ ምንም አልሆነም!» አለች። ስትናደድ አማርኛዋ ላይ ወንዱና ሴቱ ይቀላቀልባታል። ስትስቅም እንደዚያው ነው፣ እወድላታለሁ። ዛሬ ግን አልሳቀችም። ጨርቅ ሊያስለኩ የመጡ ሁለት ሴቶች እኔን ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ መደርደሪያዬን አዩት።

ቀጥላ የባሰውን ነገረችኝ። የምሕረት አክስት አስቴር ከሐዋሳ መጥታለች፤ ፊት የሚያቀላ ቅባት ይዛ። «ዓርብ ማታና ቅዳሜ ማታ ትቀባዋለች፣ እሑድ ቀይ ሆና ትነሳለች ብላለች። ያንቺ ጨርቅ እንቢ ካለ እኔ ምን ላድርግ?» አለችና ወጣች። ደህና ዋይ እንኳን አላለችኝም።

ጉንጬ በፋውንዴሽኑ፣ በዚያ መሸፈኛ ቀለም ሥር ጋለ። ስለ አስቴር ቅባት የማውቀውን ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

የትናንቱ ስድብ እስከ ረፋድ ድረስ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ደንበኞች መጡ፣ አስረሱኝ። ዛሬ የመረጥኩላቸውን ልጻፍ፣ ለራሴ ክብር ያህል፦

ሦስት የዩኒቨርሲቲ ልጆች። «ሐዩዬ፣ ግሎው እንፈልጋለን፣ ፊታችን ይብራ!» ሁለቱ ፊታቸው ወዛም ነው፣ ግንባራቸው ላይ ብጉር ፈሰስ ብሏል። ቲ ትሪ የሚባለው የቅጠል ዘይት ያለበትን ሰጠኋቸው፣ በሳምንት አንዴ ብቻ፣ ብጉሩን እንዳይነካኩ አስምዬ። ሦስተኛዋ ፊቷ እንደ ሕፃን ነው፤ የምትገዛው ጓደኞቿ ስለገዙ ነው። «አንቺ ውሃ ጠጪ፣ በጊዜ ተኚ» ብዬ ባዶ እጇን ሰደድኳት። ባባ ከወዲያ በኩል በመነጽሩ ላይ አየኝ። ጨርቅ መለካቱን ቀጠለ።

ቲቸር ሰላማዊት። ጠመኔው ነው መሰል ፊቷ ሻክሯል። የወተቱን ማስክ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና «ሐያት፣ ጾም እኮ ነው» አለችኝ። «ቲቸር፣ ትለጥፊዋለሽ እንጂ ትበዪዋለሽ እንዴ?» «ከንፈሬ ላይ ቢንጠባጠብስ?» እውነቷን ነው። በሩዙ ቀየርኩላት። ሙስሊም ሆኜ የነቢያትን ጾም የማስጠብቀው እኔ ሆኛለሁ፣ ሃሃ።

የአንድ ቡና ነጋዴ ሚስት። ስልኳ ላይ አይታ የቀንድ አውጣውን ፈልጋ መጣች። ፓኬቱ ላይ ያለው ቀንድ አውጣ ጌጥ ሳይሆን ውስጥ ያለው የሱ ልጋግ እንደሆነ ስነግራት ፓኬቱን እንዳቃጠላት ነገር ለቀቀችው። በሩ ድረስ ሄደች። ተመልሳ ገዛችው።

ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም። ፓኬቶቹ ሲመጡ ጽሑፋቸው በሙሉ ኮሪያኛ ነበር። በስልክ ካሜራ እያስተረጎምኩ፣ የሚገባኝን እየጻፍኩ፣ የማይገባኝን እየጠየቅኩ ሦስት ወር ፈጀብኝ። አሁን እያንዳንዱ ላይ በማርከር በአማርኛ ጽፌበታለሁ፤ ድርቀት፣ ብጉር፣ ቁጣ፣ ድካም። አሥራ አንዱንም ዓይነት መጀመሪያ ከጆሮዬ ኋላ ሞክሬዋለሁ። አንዱ አቃጠለኝ፣ ላከፋፋዩ መለስኩለት። በራሴ ቆዳ ያላለፈ ነገር መደርደሪያዬ ላይ አይቀመጥም።

አሁን ትናንት የተውኩትን።

ያን ቅባት አውቀዋለሁ። የዛሬ አምስት ዓመት፣ ከኔ ሰርግ በፊት፣ ሁለት ወር ተቀብቼዋለሁ። ስም የሌለው ብልቃጥ፣ ቢጫ ክዳን። የሰርጌ ቀን ቀይ ነበርኩ፤ እልልታው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ቆዳዬ ሳሳ። ፀሐይ ሲነካኝ እንደ በርበሬ ያቃጥለኝ ጀመር። ቀጥሎ ሁለቱም ጉንጮቼ ላይ ጥቁሩ ወጣ። ሐኪም ዘንድ ተመላልሼ ቃጠሎው ተወኝ፣ ጥቁሩ ግን አልተወኝም። ለሰው ሁሉ «ማድያት ነው፣ ከወሊድ የመጣ» እላለሁ። ባሌም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት እሸፍነዋለሁ። እውነቱን የሚያውቀው ይህ ደብተር ብቻ ነው።

ለእትዬ ታደለች ሦስት ጊዜ ደወልኩላት። አታነሳም። ነገ ራሴ እሄዳለሁ። ስድስት ማስክ እንዴት ምንም አይሠራም? አይሆንም! አንድ ነገር አለ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ደግሞ አልቅሻለሁ። ሁለቱንም በተራ ልጻፈው።

እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር። ማጠቢያው በር ላይ ስንደርስ ባለሞተሩ ድንገት ፍሬን ያዘና «በኢየሱስ ስም!» አለ። ወደሚያይበት አየሁ። ዳር ላይ ባለው አልጋ ላይ ስድስት ነጭ ፊት ተደርድሮ ተሰጥቷል። ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ ቀዳዳ ብቻ። ስድስቱም ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

የኔ ማስኮች!

እትዬ ታደለች እጇን በነጠላዋ እየጠረገች መጣች። እንግዳ ነኝና ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ «ጌታ ይባርክሽ፣ እንዴት መጣሽ?» አለችኝ። «እነዚህ ምን ይሠራሉ እዚህ?» አልኳት። «ጨለማ አይወዱም፣ እንዳይሸቱ ነው ያሰጣኋቸው። ደግሞ እኔ ሥራዬን አውቃለሁ፤ ፀሐዩ ሲበረታ ሸፍኛቸዋለሁ» አለች። ከዚያ ወቀሳው መጣ። «ሐያት፣ እውነቱን ልንገርሽ። ስትሸጪልኝ እኮ በደንብ አልታጠበም ነበር። ስከፍተው ያሙለጨልጫል!»

አቤት አምላኬ።

እትዬ ታደለች ሠላሳ ዓመት እጇ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ቡናው ገንዳ ውስጥ ይብላላል፣ ከዚያ ቦዩ ውስጥ ይታጠባል። ጭብጥ አድርገው ሲያሹት ካሙለጨለጨ ገና ነው፣ ይደገማል። ሻከር ብሎ ኮርኮር ካለ ጠርቷል። የማስኩን ፓኬት ስትቀድ እጇ ላይ ያ ዝልግልግ ነገር መጣባት። ያ ከኮሪያ ድረስ የመጣው፣ ገንዘብ የተከፈለበት፣ ዋናው ነገር! ሦስት ሴቶች ጠርታ እያንዳንዱን በሦስት ውሃ አሳጠበችው። ከዚያ እንደ ቡናው ገንዳ ውስጥ በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፋ አሳደረችው። አሰጣችው። በደረቀ በማግስቱ ውሃ ረጨት አድርጋ ልጇ ፊት ላይ ለጠፈችው። ስድስቱንም።

«አንዲት ዝልግልግ አላስቀረሁበትም!» አለችኝ፣ ደረቷን ነፍታ። ያን ኩራት አውቀዋለሁ። የራሴው ነው።

«እትዬ ታደለች» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «ያጠብሽው እኮ መዋቢያውን ነው። ጨርቁ መያዣ ብቻ ነው።»

የገዛ እጇን አየች። አልጋው ዙሪያ ያሉት ሴቶች እየለቀሙ ቀና አሉ። ከዚያ አንዷ ወጣት «እንግዲያው ያማረበት ገንዳው ነዋ!» አለች፤ በቃ፣ ሁሉም ሳቅ በሳቅ ሆኑ። እትዬ ታደለች መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ሆዷን ይዛ። «እኔን! እኔን! ገንዳውን ዳርኩት!» እያለች እንባዋ ወረደ። ጥፋቱ የኔም ነው አልኳት። ማንም ያጥበዋል ብዬ አላሰብኩማ፤ አትጠቡት ማለት ነበረብኝ። ቡና አጣቢ አገር ቁጭ ብዬ ይህን አለማሰቤ!

እስከዚህ ድረስ ሳቅ። ከዚህ በኋላ ያለቀስኩበት ነው።

ምሕረትና አክስቷ አስቴር ከቤት መጡ። አስቴር አርባ ቢሆናት ነው፤ ሽክ ያለች፣ ፊቷ ቀይ፣ በጣም ቀይ። ምሕረት ብልቃጡን በእጇ ይዛለች። ክዳኑ ቢጫ ነው። እጇን ያዝኩት። «ይህን አትቀቢ። እለምንሻለሁ። ቆዳ ይልጣል» አልኳት ልጅቷን። አስቴር ሳቀች። «ማስክሽን ለመሸጥ ነው እንጂ! ቆዳ የምታውቂ ከሆነ የራስሽ ጉንጭ ምን ሆኖ ነው?»

ጉንጬን ነካሁት። የሞተሩ ንፋስና ላብ ፋውንዴሽኑን ጠርጎታል። ሁሉም ያየኛል።

«ማድያት ነው፣ ከወሊድ የመጣ» አልኩ። አፌ ለምዶታል፣ ራሱ ነው የሚለው።

«አይ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስል!» አለች አስቴር። ሴቶቹ ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አይደለም፣ ያው የጀመሩት ሳቅ ነው። ምሕረት ብቻ አልሳቀችም። ጉንጬን አየች፣ ብልቃጡን አየች። ከኔ አንድ ነገር የምትጠብቅ መሰለኝ። እኔ ወደ ሞተሩ ሄድኩ።

ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የአስቴር ፊት ቀይ ነው፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ግን ጥቁር ነው፤ ያ የቅባቱ ምልክት ነው። ያን አይቻለሁ። እያየሁ ዝም አልኩ።

ፈሪ!

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ዛሬ ደንበኛ አላናግርም ብዬ መደርደሪያ ሳራግፍ ዋልኩ። ባባ ከሰዓት በኋላ ሻይ አስመጥቶ «ነይ ተቀመጪ» አለኝ። ባባ ሻይ የሚያስመጣው ለሁለት ነገር ነው፤ አንድም ሊያመሰግን፣ አንድም ሊገስጽ። የማስኩን መታጠብ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ስለ አስቴርና ስለ ብልቃጡ ነገርኩት። ሳቁ ቆመ።

«ክዳኑ ቢጫ ነው?» አለኝ።

ሻዩን አስቀመጥኩት። ክዳኑን አልነገርኩትም ነበር።

«ያንቺ ከዚህ መደርደሪያ ነው የተነሳው» አለ። ፊቴን አላየም፣ ጨርቅ የሚለካበትን ሜትር ያያል። «ያን ጊዜ እሸጠው ነበር፣ ሁሉም ይሸጠው ነበር። ስታነሺው አይቻለሁ። ሲያምርብሽ ዝም አልኩ። ሲጠቁርብሽም ዝም አልኩ። አባት ነኝ እንግዲህ። ከዚያ የነበረውን ሁሉ ወስጄ ደፋሁት። ባዶውን መደርደሪያ ለምን ለአንቺ የሰጠሁሽ ይመስልሻል?»

«ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው። እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ነው የመሰለኝ።

«ጎበዝ መሆንሽን ያወቅኩት በኋላ ነው» አለኝ። «አሁንማ አንዲት ልጅ ሳትገዛሽ ውሃ ጠጪ ብለሽ ስትልኪያት አይቼ ይህቺ የኔ ልጅ ናት ወይ አልኩ።»

ሜትሩን ጠቅልሎ አስቀመጠ። ከዚያ «ሂጂና ንገሪያቸው» አለ።

«ባባ፣ ከየት አመጣሽው ቢሉኝስ?»

«ከባባ ሱቅ በይ።»

«ስማችንስ?»

«ሰው ከሚነግርብን እኛው እንናገር» አለና ሻዩን ጨለጠ። ደግሞ ሜትሩን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ። ዓይኑ ግን ቀልቷል። ወላሂ፣ ባባን እንደ ዛሬ ወድጄው አላውቅም። ትንሽም ተናድጄበታለሁ። ሁለቱም አለ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ነገርኳቸው።

ጠዋት ሄድኩ። በሩ ላይ ሁለት ማስክ ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ አንድ ድርቀት፣ አንድ ቁጣ። ሁለቱም ላይ በማርከር በትልቁ «አይታጠብም!» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ሴቶቹ ገና ሲያዩ ሳቃቸው ተነሳ። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ወደ ቧንቧው ሄድኩ፣ ጎንበስ ብዬ ፊቴን ታጠብኩ። በሳሙና። ፋውንዴሽኑ በሙሉ ሄደ። ተመልሼ አልጋው አጠገብ ቆምኩ።

 ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «ረቡዕ ዕለት ዋሽቻችኋለሁ። ይህ ከወሊድ የመጣ አይደለም። ያ ቢጫ ክዳን ነው። ለሰርጌ ነው የተቀባሁት። ያመጣሁትም ከሩቅ አይደለም፣ ከአባቴ ሱቅ ነው፤ እሱም ንገሪያቸው ብሎኛል።»

ቡና የሚለቅሙ ሴቶች እጅ ቆሞ አያውቅም፤ ሲያወሩም ሲዘፍኑም ይለቅማል። ዛሬ ቆመ።

አስቴር «የሰው ቆዳ አንድ አይደለም» አለች፣ ግን ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። እትዬ ታደለች መጣችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። በአውራ ጣቷ ጉንጬን አሸት አደረገችው፣ ልክ ቡናውን እንደምታሸው። «ይሄ ልጅ ጉንጩ ይኮረኩራል» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ሌላ ጊዜ ብትነካኝ እሸሽ ነበር። ዛሬ ቆምኩላት።

ምሕረት ጠየቀችኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አልጠበቅኩም። «የሰርግሽ ቀን ግን ደስ ብሎሽ ነበር?»

ልዋሽ ነበር። አልዋሸሁም። «በጣም። እንደዚያ አምሮብኝ አያውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ያ አንድ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ነው።»

 ማስኮቹን ሰጠኋት፣ ሥጦታ ነው። አንዱን ፓኬት ጫፉን ብቻ ከፍቼ ከውስጡ ጠብታ አወጣሁና ከጆሮዋ ኋላ ቀባኋት፤ ካቃጠላት ወይ ካሳከካት እንድትተወው፣ ምንም ካልሆነች ነገ እንድታደርገው። ሃያ ደቂቃ፣ ሳይደርቅ ማንሳት፣ የቀረውን በእጅ መታ መታ እያደረጉ ማስገባት። አለመታጠብ! ይህን ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። ሴቶቹ በአንድ ላይ «አለመታጠብ!» ብለው መለሱልኝ፣ እንደ ተማሪ።

ብልቃጡ የት እንዳለ አልጠየቅኩም። ዛሬ ዓርብ ነው። ዛሬ ማታ ነው ልትቀባ የነበረው።

ብታደርገውስ? ብታደርገውም ተናግሬያለሁ። ግን ባታደርገው። ያ ረብ፣ ባታደርገው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ቀልቤ ሱቅ ውስጥ አልነበረም። ለባለ ብጉሯ ልጅ የድርቀቱን ሰጥቼ ሰደድኳት። ነገሩ ሲገባኝ በሸበጥ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጬ ቀየርኩላት። ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር። ባለባጃጁ ሰደበኝ፣ እኔም ሰደብኩት። ልጅቷ «ሐዩዬ፣ ለማስክ ብለሽ ልትሞቺ ነው?» አለችኝ። አዎ! የኔ ስም ነው እዚያ ላይ ያለው።

ባሌ ከጨለለቅቱ ቡና ጭኖ ሲመለስ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቅ ገባ። በዚያው በሞቀ ልቤ ነገርኩት፣ ስለ ቅባቱ፣ ስለ ማድያቱ ውሸት። ለምሳ ያመጣውን ሙዝ እየላጠ «አውቅ ነበር እኮ» አለኝ። አውቅ ነበር! «እና ለምን ዝም አልክ?» «ሳትነግሪኝ እንዴት እነግርሻለሁ?» ባባ ያውቃል፣ እሱ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ተደብቄ ስቀባ የኖርኩት ለማን ኖሯል? ልናደድ ፈልጌ ሳቄ መጣ።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ፎቶ ነው። ምሕረትና እትዬ ታደለች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም ማስክ ለጥፈው። ምሕረት ሳቋን ይዛለች። እናትየው ግን ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብላለች። ከሥሩ ሁለት ቃል ብቻ፣ «እኛ አላጠብነውም!»

ለባባ አሳየሁት። ለጨርቅ ገዢዎቹ ሁሉ አሳየሁት።

ስለ ቅባቱ ግን ምንም አልተጻፈም። ፎቶው ላይ ፊታቸው ተሸፍኗል፤ ማስኩ ሥር ያለውን አላህ ነው የሚያየው። መልሼ ልጽፍላት ስልኩን አንስቼ ተውኩት። የራሷ ፊት ነው። የኔን ተናግሬያለሁ።

ነገ ሰርጉ ላይ ተጠርቻለሁ። አረንጓዴውን ቀሚስ አወጣሁ። ፋውንዴሽኑን ቦርሳዬ ውስጥ አላስገባሁም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

በባዶ ፊቴ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ጉንጬን አፍጥጣ አየችኝ። እኔም አፍጥጬ አየኋት። አቀረቀረች።

ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ሰዉ በእልልታ ቀለጠ። እኔ መጀመሪያ ማየት ፈራሁ። ከዚያ አየሁ።

ጠይም! የራሷ ጠይም፣ የዱመርሶ ፀሐይ የሚያውቀው ጠይም! ጉንጯ ወዝ አለው፣ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ የነበረው ቅርፊት የለም፣ አልተላጠ፣ አልቀላ። እንደ ሞኝ ቆሜ አለቀስኩ። አንዷ ለቃሚ በክርኗ ነካ አድርጋኝ «የገንዳው ተራ አለፈ፣ አሁን የሙሽራዋ ነው» አለችኝ። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

እትዬ ታደለች ሰው እየገፋች መጥታ እጄን ያዘችና ልጇ ፊት ወሰደችኝ። አውራ ጣቷን ምሕረት ጉንጭ ላይ አሳረፈች፣ አሸት አደረገች። «ተመልከች! ያሙለጨልጫል!» አለች። ቆየት አለችና «ቡና ቢሆን ኖሮ መልሼ አጥበው ነበር» አለች። ድፍን ድንኳኑ ሰማት። ምሕረት ከሳቋ ብዛት ቬሏ ወደቀ። «አልነካሁትም» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። «አምስት ዓመት ስትዪኝ ፈራሁ።»

ይህን ልጻፈው፣ ነገ ብረሳው እንኳ እዚህ ይኑር፤ ዛሬ በራሴ ኮራሁ። በማስኩ አይደለም። ማለቴ፣ በማስኩም ነው።

ልወጣ ስል ከድንኳኑ ጀርባ አስቴር ጠራችኝ። ልትሰድበኝ መስሎኝ ተዘጋጀሁ፤ መልሱም ምላሴ ላይ ነበር። ብልቃጡን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ግማሹ የለም።  «ምሕረት አልነካሁትም ብላኝ ነበር» አልኳት።

«አልነካችውም» አለች። ከዚያ ሁለቱንም እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፣ ጥቁሮቹን መገጣጠሚያዎች። ፊቷ ላይ ያለው መሸፈኛ በላብ ወርዶ ቅላቱ ሥር ሌላ ነገር ይታያል። እኔ የማውቀው ነገር። «ስምንት ዓመት እኔው ስቀባው» አለች። «ለኔስ የትኛውን ትመርጪልኛለሽ?»

እኔ፣ አሥራ አንድ ዓይነት ማስክ በቃሌ የማውቀው፣ የምሰጣት አጣሁ። ብሸጥላት ትገዛኝ ነበር፤ ዛሬ ማንኛውንም ነገር ትገዛኝ ነበር። «ማስክ አይደለም» አልኳት። «ደግሞ በአንድ ጊዜ በራስሽ አታቋርጪው፣ ይብስብሻል። ሐኪም ነው የሚያስፈልግሽ። እኔ የታከምኩበት ዲላ ነው፣ ሐኪሙ ማክሰኞ ይገባሉ። እኔ እወስድሻለሁ።»

«ሰው ያየኛል።»

«እኔንም ያየኛል። እንደዚሁ ነው የምመጣው፣ እንደ ዛሬው።»

ጉንጬን ረጅም ጊዜ አየችው። ረቡዕ ዕለት እንዳየችው አይደለም። «እስቲ» አለች። እሺ አላለችም። እስቲ ነው ያለችው።

እሷ ሌላ አላት፤ ይህኛው ብልቃጥ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ለሐኪሙ የምናሳየው። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዲላ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ባትመጣም እጠብቃታለሁ።